እርድ፣ ሰማያዊው ዱቄትና የተቆጣ አንጀት

ጥያቄ፦ «ወንድሜ 27 ዓመቱ ነው። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይዞት አንድ ዓመት ያህል አሜባ ነው እየተባለ አራት ጊዜ ፍላጂል ወሰደ። በመጨረሻ ኮሎኖስኮፒ ተደርጎለት አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ፣ ትልቁ አንጀት የሚቆጣበትና የሚቆስልበት ሥር የሰደደ በሽታ ነው ተባለ። ሜሳላዚን ከጀመረ አምስት ወር ሆነው፤ ተሽሎታል። አሁን ግን መድኃኒቱን አቁሜ እርድ በማር ልውሰድ ይላል። የዕፅዋት ንጥረ ነገር የበሽታ መከላከያ ሴሎችን ያስተካክላል የሚል ቪዲዮ አይቶ ነው። ቨርጂኒያ ያለችው አክስታችንም ከእርድ የሚወጣ የኩርኩሚን እንክብል ልካለት ሦስት ሳምንት ወስዷል። ነገሩ እውነት አለው? ጾም ሲገባስ እንዴት ያድርግ?»

ምላሽ፦ መድኃኒቱን አያቁም። ይህን ዛሬውኑ ይንገሩልኝ፤ የቀረውን ቀስ ብለን እናወራለን።

ቪዲዮውን ግን ጨርሶ ውሸት ነው ብዬ አላጣጥለውም። አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ «እርድ» የሚል ቃል ሲሰሙ ፊታቸው ይጠቁራል። በሽተኛው ያንን ያይና በሚቀጥለው ቀጠሮ የሚወስደውን አይናገርም። በሆዱ ይይዘዋል፤ በሁለቱም ትርጉም። ከዕፅዋት የሚወጡ አንዳንድ ነገሮች የአንጀትን መከላከያ ሴሎች በእርግጥ ይነካሉ። ለዚህም ነው በቁም ነገር ማውራት ያለብን። የሚሠራ ነገር መጠን አለው፤ ጉዳትም አለው።

መጀመሪያ ስለ አራቱ ፍላጂል አንድ ነገር ልበል። በአገራችን ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሲመጣ አስቀድሞ ኢንፌክሽንን ማሰብ ትክክል ነው። አሜባም ሺጌላ የሚባለው ባክቴሪያም ብዙ ነው። ችግሩ ሁለተኛው ዙር ሳይሠራ ሲቀር «ለምን?» ሳይባል ሦስተኛውና አራተኛው መታዘዙ ነው። ተቅማጡ ከአራት ሳምንት ካለፈ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ፣ ክብደት ከቀነሰ፣ ሽንት ቤት ደርሶ ምንም ሳይወጣ ማማጥ ካለ አንጀቱን በካሜራ ማየት ያስፈልጋል። ወንድምዎ ዘግይቶም ቢሆን ደርሶበታል።

«ይሄ የፈረንጅ በሽታ አይደለም እንዴ?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። እስራኤል ውስጥ ያሉ ሐኪሞች በዚህ ላይ የሚያስገርም ነገር ጽፈዋል። ከኢትዮጵያ የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ከገቡ ከዓመታት በኋላ ይህ በሽታ እየታየባቸው መጣ። ሰዎቹ ያው ናቸው፣ ደማቸውም ያው ነው። የተለወጠው አኗኗራቸውና አመጋገባቸው ነው።

አሁን ወደ ሴሎቹ እንግባ። ቪዲዮው ሮጥ ብሎ ያለፈው ይህንን ይመስለኛል።

ከሰውነታችን ክፍሎች ሁሉ ማክሮፌጅ የሚባሉት ሴሎች በብዛት የሰፈሩት በአንጀት ግድግዳ ውስጥ ነው። ማክሮፌጅ ማለት በግሪክኛ ትልቅ በላተኛ ማለት ነው። ጀርም ይውጣል፣ የሞተ ሴል ይጠርጋል። አብዛኞቹ ከደም ነው የሚመጡት። ሲደርሱ እንግዳ ናቸው፤ ግልፍተኛም ናቸው። ያገኙትን ባክቴሪያ ሁሉ ጠላት ነው ብለው ይጮኻሉ። ጤነኛ አንጀት ውስጥ ግን በጥቂት ቀናት ቤተኛ ይሆናሉ። ባክቴሪያ እየዋጡ ዝም ማለትን ይለምዳሉ። አንጀታችን በትሪሊዮን የሚቆጠር ባክቴሪያ ተሸክሞ ሳይቆጣ ውሎ የሚያድረው በእነሱ ዝምታ ነው።

በወንድምዎ አንጀት ውስጥ እንግዶቹ ቤተኛ መሆን አቅቷቸዋል። እንደገቡ፣ እንደተቆጡ ይቀራሉ። ቲኤንኤፍ፣ አይኤል-1፣ አይኤል-23 የሚባሉ ኬሚካላዊ መልእክቶችን ይለቃሉ። መልእክቱ የደረሳቸው ኒውትሮፊል የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች በገፍ ይመጡና ለባክቴሪያ ያዘጋጁትን መርዝ በራሳችን ሥጋ ላይ ያፈሳሉ። ቲ ሴሎች የሚባሉት ሌሎች የመከላከያ ሴሎችም ይቀሰቀሳሉ። አረጋጊ የሚባሉት ቲ ሴሎች ደግሞ ግርግሩን መቆጣጠር ያቅታቸዋል። የአንጀቱ ሽፋን ይላላል፣ ባክቴሪያ ሾልኮ ይገባል፣ ቁጣው እንደ አዲስ ይነሳል። ደሙና ንፍጡ የሚመጣው ከዚህ ነው።

መድኃኒቶቹ ይህን ሰንሰለት በተለያየ ቦታ ይቆርጡታል። በ1998 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጠራው) በአሜሪካ ለክሮንስ፣ የኮላይቲስ ወንድም ለሆነው ሌላ የአንጀት ቁጣ በሽታ፣ የተፈቀደው ኢንፍሊክሲማብ ቲኤንኤፍን ይዞ ያስቀረዋል። ቬዶሊዙማብ ሴሎቹ ከደም ወደ አንጀት እንዳይሻገሩ ይከለክላል። የወንድምዎ ሜሳላዚን እዚያው በአንጀቱ ሽፋን ላይ ይሠራል። በነገራችን ላይ ሜሳላዚን ከሳሊሲሌቶች ወገን ነው። የሳሊሲሌት ስም የመጣው ከአኻያ ዛፍ የላቲን ስም፣ ከሳሊክስ ነው። ወንድምዎ «ኬሚካል ሰለቸኝ» ካለ፣ ይሄኛውም የዘር ሐረጉ ዛፍ ላይ እንደሚደርስ ይንገሩት።

ወደ እርድ ልመለስ። በእርድ ውስጥ ያለው ቢጫ ነገር ኩርኩሚን ይባላል። በማክሮፌጆች ውስጥ ኤንኤፍ ካፓ ቢ የሚባል ማብሪያ ማጥፊያ አለ፤ ሲበራ ቲኤንኤፍና ጓደኞቹ ይመረታሉ። ላብራቶሪ ውስጥ ኩርኩሚን ይህን ማብሪያ ያጠፋል። ቪዲዮው ያቆመው እዚህ ላይ ይሆናል። እኔ ግን ላብራቶሪ ውስጥ በሚታየው የኩርኩሚን ገድል ብዙም አልደነቅም። በ2017 የመድኃኒት ኬሚስቶች በሰፊው እንደጻፉት፣ ይህ ሞለኪውል ቶሎ የሚበላሽና በብዙ ዓይነት ምርመራ ላይ የሠራ መስሎ የሚያታልል ነው። ራሱ ብርሃን ይሰጣል፣ ያገኘው ፕሮቲን ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ ሰው ላይ የተደረገውን ነው ማየት ያለብን።

ሰው ላይ የተደረገው ደግሞ መጥፎ አይደለም። በ2006 የጃፓን ሐኪሞች በሽታው ጋብ ያለላቸውን 89 የአልሰሬቲቭ ኮላይቲስ በሽተኞች ለሁለት ከፈሉ። ሁሉም መደበኛ መድኃኒታቸውን ቀጠሉ። ግማሾቹ በተጨማሪ በቀን 2 ግራም ኩርኩሚን፣ ሌሎቹ መድኃኒት የሌለበት አስመሳይ እንክብል ወሰዱ። በስድስት ወር ውስጥ በሽታው የተመለሰባቸው ኩርኩሚን ከወሰዱት ከመቶ 5 ያህሉ፣ ካልወሰዱት ከመቶ 20 ያህሉ ነበሩ። በ2015 ደግሞ የእስራኤል፣ የሆንግ ኮንግና የቆጵሮስ ሐኪሞች ሜሳላዚን ብቻውን ያልበቃቸውን 50 ሰዎች ወሰዱ። በሜሳላዚኑ ላይ በቀን 3 ግራም ኩርኩሚን ከተጨመረላቸው 26 ሰዎች 14ቱ በአንድ ወር ውስጥ ጋብ አለላቸው። አስመሳዩን ከወሰዱት 24 ሰዎች ግን ጋብ ያለለት አንድም የለም።

ጥሩ ውጤት ነው። ግን ሁለቱንም ጥናት እንደገና ይመልከቱልኝ፤ መድኃኒቱን ያቆመ ሰው የለም። ኩርኩሚኑ የተሰጠው በላዩ ላይ ነው። «እርድ ይሠራል፣ ስለዚህ ሜሳላዚን ይቅር» የሚል ሰው ከጥናቱ ግማሹን ቆርጦ ጥሎታል።

ማቆም ምን እንደሚያመጣ ደግሞ ተለክቷል። በ2003 ቺካጎ ላይ በሽታው ጋብ ያለላቸው 99 የሜሳላዚን ተጠቃሚዎች ተከታትለዋል። መድኃኒታቸውን በትክክል የወሰዱት ከመቶ 89ኙ ዓመቱን ሙሉ ደህና ነበሩ። እያቆራረጡ የወሰዱት ግን ደህና የቆዩት ከመቶ 39 ብቻ ናቸው። ወንድምዎ የተሻለው መድኃኒቱን ስለሚወስድ ነው። «ተሽሎኛል፣ ስለዚህ ላቁም» የሚለው ሐሳብ አታላይ ነው፤ እኔም ብሆን ሳይመጣብኝ አይቀርም።

ሌላው መጠኑ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ 3 ግራም ገደማ ነው። በዱቄቱ ውስጥ ኩርኩሚን ከመቶ 3 እጅ ያህል ብቻ ነው። ከማንኪያው የሚገኘው እንግዲህ 90 ሚሊግራም ነው። በጥናቱ የተሰጠው 3 ግራም ነበር። ያንን ከዱቄት ላግኝ ካሉ በቀን 100 ግራም እርድ ያስፈልጋል። ያ አልጫ አይሆንም፣ ጭቃ ነው። ህንድ ውስጥ በቀን 450 ሚሊግራም ኩርኩሚን ተሞክሮ ከአስመሳዩ የተለየ ነገር አላመጣም። ስለዚህ እርድ በማሩን ከወደደው ይብላው፤ ጉዳት የለውም። እንደ መድኃኒት ግን አይቁጠረው።

እንክብሉ ሌላ ጉዳይ ነው፤ መጠኑ ከፍ ያለ ነው፣ ስለዚህ ጠንቀቅ ይሻል። ኩርኩሚን ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂት ነው። ለአንጀት በሽታ ይህ ክፋት የለውም፤ የሚፈለገው እዚያው ነው። አምራቾች ግን ወደ ደም እንዲገባ የቁንዶ በርበሬ ንጥር፣ ፓይፐሪንን ይጨምሩበታል። የእርድ እንክብል ጉበታቸውን የጎዳባቸው ሰዎች በአሜሪካ ተመዝግበዋል፤ አንዳንዶቹ ፓይፐሪን ያለበትን ይወስዱ የነበሩ ናቸው። አንድ የተወሰነ የጂን ዓይነት ያላቸው ሰዎች ይበልጥ እንደሚጋለጡም ታይቷል። ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣ አይደለም። ግን ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንቱ እንደ ኮካ ከጠቆረ፣ ሰውነቱን ካሳከከው እንክብሉን በዚያው ቀን ያቁም።

በሽታው ክሮንስ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ምላሼ ሌላ ነበር። ፈረንሳይ ውስጥ ከአንጀት ቀዶ ሕክምና በኋላ ክሮንስ እንዳይመለስ 3 ግራም ኩርኩሚን ተሞክሮ ከአስመሳዩ አልተሻለም። ሁለቱ በሽታዎች ወንድማማች ይምሰሉ እንጂ ጠባያቸው አንድ አይደለም። ትንባሆን ይውሰዱ። ኒኮቲን የዕፅዋት ንጥረ ነገር ነው። ማጨስ ክሮንስን ያባብሳል፤ አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ ግን በሚያጨሱ ሰዎች ላይ ያንሳል፣ አንዳንዱንም ሰው የሚይዘው ማጨስ ባቆመ ማግስት ነው። በ1994 ብሪታኒያ ውስጥ የኒኮቲን ልጥፍ ለኮላይቲስ ተሞክሮ ከአስመሳዩ የበለጠ ሰው ተሽሎታል። ማቅለሽለሹና ራስ ምታቱ ስለበዛ ግን መደበኛ ሕክምና ሳይሆን ቀረ። አጭሱ እያልኩ አይደለም! «ዕፅ ለአንጀት ጥሩ ነው» የሚባል አንድ ወጥ ነገር እንደሌለ ለማሳየት ነው።

አሁን ደግሞ ሰማያዊው ዱቄት። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስገርመኝ እሱ ነው።

ቻይናዎች ቺንግ ዳይ ይሉታል። ጨርቅ ሰማያዊ ከሚቀለምባቸው የኢንዲጎ ተክሎች ቅጠል የሚሠራ ዱቄት ነው። በ2018 የታተመ የጃፓን ጥናት በ86 የአልሰሬቲቭ ኮላይቲስ በሽተኞች ላይ ሞክሮታል። በስምንት ሳምንት ውስጥ በቀን 1 ግራም ከወሰዱት ከመቶ 75፣ 2 ግራም ከወሰዱት ከመቶ 81 ተሻላቸው። አስመሳዩን ከወሰዱት የተሻለው ከመቶ 14 ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ልዩነት በውዶቹ መርፌዎችም ቢሆን በቀላሉ አይገኝም።

እንዴት ሠራ? በአንጀት መከላከያ ሴሎች ውስጥ ኤኤችአር የሚባል ተቀባይ ፕሮቲን አለ። በዱቄቱ ውስጥ ያሉት ኢንዲጎና ኢንዲሩቢን ከዚህ ተቀባይ ጋር ይጣበቃሉ። ሴሎቹ አይኤል-22 የሚባል መልእክት ይለቃሉ። ይህ መልእክት የሚሄደው ወደ ሌላ የመከላከያ ሴል አይደለም፤ ወደ አንጀቱ ሽፋን ነው። «እደጉ፣ ቀዳዳውን ድፈኑ» ይላቸዋል። አብዛኞቹ መድኃኒቶቻችን ቁጣውን ያበርዳሉ። ይሄኛው ቁስሉን እንዲሽር ይገፋዋል።

እና ለምን አናዝዘውም? ጥናቱ ሳያልቅ ነው የቆመው። ከጥናቱ ውጭ ዱቄቱን በራሱ ገዝቶ ይወስድ የነበረ ሰው የሳንባ ደም ስሮች ግፊት ያዘው። ይህ ልብን የሚያደክም፣ ሊገድልም የሚችል ችግር ነው። ሌሎችም ታዩ። በ2016 መጨረሻ የጃፓን ጤና ሚኒስቴር ማስጠንቀቂያ አወጣ። ስለዚህ ይህን ዱቄት ከኢንተርኔት አዝዞ መውሰድ አይሞከርም። አንዳንድ ማዕከሎች በቅርብ ክትትል፣ ለአጭር ጊዜ፣ ከኩርኩሚን ጋር እያጣመሩ እያጠኑት ነው። አንድ ቀን ከውስጡ የተጣራ ንጹሕ መድኃኒት ይወጣ ይሆናል።

ደስ የሚለው ነገር፣ ያንኑ ኤኤችአር የሚነኩ ነገሮች ጓሯችን ውስጥም አሉ። ጎመን፣ ጥቅል ጎመንና ብሮኮሊ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ሲታኘኩና ሲፈጩ የሚለቁት ንጥረ ነገር ሆድ ውስጥ ተለውጦ ይህን ተቀባይ ይነካል። በ2011 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች አይጦችን እነዚህ ንጥረ ነገሮች በሌሉበት ምግብ ሲመግቧቸው፣ በአንጀታቸው ሽፋን መሃል የሚኖሩት የመከላከያ ሴሎች ተመናመኑ። ንጥረ ነገሩ ሲጨመርላቸው ሴሎቹ ደህና ሆኑ። አይጥ ላይ ነው፤ ጎመን ኮላይቲስን ያድናል አልልም። ወንድምዎ ጎመን እንዳይበላ የከለከለው ሰው ካለ ግን ምክንያቱን ይጠይቁልኝ። በሽታው ጋብ ባለበት ጊዜ በደንብ የበሰለ ጎመን የሚከለከልበት ምክንያት አይታየኝም። ሲነሳ ወይም በክሮንስ አንጀት ሲጠብ ነው ቃጫ የበዛበትን መቀነስ የሚያስፈልገው።

ቃጫ ካልኩ፣ ጾምን የጠየቁትም እዚህ ይገባል። ሽሮ፣ ምስርና ጤፍ ውስጥ ያለውን ቃጫ እኛ አንፈጨውም፤ ባክቴሪያዎቹ ናቸው የሚበሉት። ሲበሉት ቡቲሬት የሚባል አሲድ ያወጣሉ። ቡቲሬት ለአንጀት ሽፋን ዋና ማገዶ ነው። በአይጦች ላይ እነዚያን አረጋጊ ቲ ሴሎችም ያበዛል፤ በ2013 ሦስት ቡድኖች በተከታታይ አሳይተውታል። ሰው ላይም ፍንጭ አለ። በ1999 ስፔን ውስጥ 105 ጋብ ያለላቸው የኮላይቲስ በሽተኞች ላይ ሲሊየም የሚባለው የቃጫ ፍሬ ከሜሳላዚን ጋር ተወዳድሮ ነበር። በዓመቱ በሽታው የተመለሰባቸው በቃጫው ከመቶ 40፣ በሜሳላዚን ከመቶ 35፣ ሁለቱን አብረው ከወሰዱት ከመቶ 30 ናቸው። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ማን ምን እንደሚወስድም ሁሉም ያውቅ ነበር። ቢሆንም እዚህም ያሸነፈው አንድ ላይ መውሰዱ ነው።

ስለዚህ የጾም ምግብ በራሱ ለወንድምዎ ጠላት አይደለም። መድኃኒቱን በተመለከተ ደግሞ ሜሳላዚን የቀኑን መጠን በአንድ ጊዜ መውሰድ ከፋፍሎ ከመውሰድ ጋር እኩል እንደሚሠራ ታውቋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ከሆነ ሲፈታ ሙሉውን ይውሰድ። የእንክብሉ ዓይነት ስለሚለያይ ሐኪሙን አንድ ጊዜ ይጠይቀው። ደም ማነሱን ግን ያስለካ። ደም ሲፈሰው የቆየ ሰው ብረት ሳይተካ ሁለት ወር ቢጾም ድካሙ የጾም ይሁን የደም ማነስ አይታወቅም።

ስለ ሬት ባይጠይቁኝም ይመጣል ብዬ እገምታለሁ። በ2004 እንግሊዝ ውስጥ 44 ሰዎች ላይ የሬት ዝልግልግ ተሞክሮ፣ በአራት ሳምንት ከወሰዱት 30 ሰዎች 9ኙ፣ ካልወሰዱት 14 ሰዎች አንዱ ጋብ አለላቸው። የተሰጣቸው ግን የቅጠሉ ውስጥ ግልጽ ዝልግልግ ነው። እኛ ሬት የምንለው፣ «እንደ ሬት መረረኝ» የሚባልለት ቢጫ ፈሳሽ ኃይለኛ አስቀማጭ ነው። ለተቅማጥ በሽተኛ አስቀማጭ! ጥቁር አዝሙድ ደግሞ ላብራቶሪ ውስጥ ብዙ ተወርቶለታል። በሰው አንጀት ላይ የእርድን ያህል ማስረጃ የለውም። ዳቦ ላይ ግን ይቀጥል።

አሁን የማሳስበው ሌላ ነው። ወንድምዎ ወገቡን ወይም ራሱን ሲያመው ዳይክሎፈናክ ወይም አይቡፕሮፌን አይውሰድ፤ በሽታውን ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። ፓራሲታሞል ይሻላል። በሽታው ተነስቶ ስቴሮይድ ወይም ኢንፍሊክሲማብ ይታዘዝለት ከተባለ ደግሞ አስቀድሞ ስለ ሳንባ ነቀርሳና ሄፓታይተስ ቢ ይመርመር። እነዚያ ማክሮፌጆችና ቲኤንኤፍ የተኛውን ነቀርሳ አጥረው የያዙትም እነሱ ናቸው። አጥሩ ሲፈርስ ነቀርሳው ይነሳል። በአገራችን ይህ ምርመራ የሚዘለል አይደለም።

መሻሉን ደግሞ በስሜቱ ብቻ አይለካ። ካልፕሮቴክቲን የሚባል የሰገራ ምርመራ አለ። ካልፕሮቴክቲን ከኒውትሮፊሎች የሚወጣ ፕሮቲን ነው። አንጀቱ ውስጥ ኒውትሮፊል ካለ በሰገራው ውስጥ ይገኛል፤ ሆዱ ምንም ባይለውም። ምርመራው የሚሠራበት ቦታ ካገኙ አሁን አንድ ጊዜ ይሠራ፣ ከሦስት ወር በኋላም ይደገም። ካላገኙ ሐኪሙ ኮሎኖስኮፒውን መቼ እንደሚደግመው ይጠይቁ።

አክስትዎ ሁለተኛውን ብልቃጥ ገና ካልላከች ትንሽ ትቆይ። ወንድምዎ ሦስት ሳምንት ስለወሰደ በዚህ ሳምንት የጉበት ምርመራ ያድርግ። ብልቃጡንም ይዞ ወደ ሐኪሙ ይሂድ። ጀርባው ላይ ፓይፐሪን ወይም የቁንዶ በርበሬ ንጥር የሚል ካለ ያ ይቅር። ከሌለበትና ጉበቱ ደህና ከሆነ፣ ከሜሳላዚኑ ጋር ይቀጥለው እንደሆነ ከሐኪሙ ጋር ይወስኑ። እኔ ብሆን አልከለክለውም ነበር።